ይህ ቱቦ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ከነቴንደሩ

አንድ ያለቀ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይታወቃል። «ይሄ ሁሉ ቱቦ ምን ያደርጋል?» ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከጋቢናው ስር አንዲት ቀጭን ቱቦ ትወጣለች። በሻሲው ጎን ትሄድና ወደ ላይ ታጥፋ ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት ትልቅ በርሜል) ጎን ላይ ትገባለች። ውፍረቷ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ብዙ ጀማሪ እንደ ጌጥ ያያትና ደስ ያለው ቦታ ላይ ይለጥፋታል። ጌጥ ግን አይደለችም። እውነተኛው ቦይለር ውሃ የሚያገኘው በእሷ በኩል ነው። ውሃው ካልደረሰ የምድጃው ጣሪያ ይራቆታል፣ ይግላል፣ መጨረሻው ፍንዳታ ነው።

ሞዴል መሥራትን በደንብ የተማርኩት ይህን ጥያቄ በየቁራጩ ላይ መጠየቅ ስጀምር ነው። ይህ ቱቦ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? መልሱን ካወቃችሁ ቁራጩ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚቀባ፣ የት ጋ እንደሚዝግ ሳይቀር በራሱ ይነግራችኋል። ካላወቃችሁ ግን ውድ ዕቃ ገዝታችሁም፣ እጃችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስላል።

ስለዚህ መጀመሪያ እውነተኛውን በአጭሩ እንየው። ከጋቢናው ፊት ለፊት ምድጃው አለ። ከሰሉ እዚያ ይነዳል። ትኩሱ ጋዝ ከምድጃው ወጥቶ ቦይለሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚያቋርጡ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል። የቱቦዎቹ ዙሪያ ውሃ ነው፣ ውሃው ይፈላል። እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣና ጉልላቱ ውስጥ ይሰበሰባል። ጉልላቱ ከፍ ያለው ለማማር አይደለም፣ ከሚንተከተከው ውሃ ራቅ ብሎ ደረቅ እንፋሎት ለመውሰድ ነው። ከዚያ እንፋሎቱ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል፣ ፒስተኑን ይገፋል፣ ሥራውን ሲጨርስም ከጭስ ማውጫው ስር ባለ ጠባብ አፍ ሽቅብ ይተፋል። የምንሰማው ትንፋሽ ያ ነው። ሲወጣ ጭሱን እየጎተተ ይወጣል፣ በምትኩ አዲስ አየር ወደ ምድጃው ይሳባል። ሞተሩ ብዙ እንፋሎት በተጠቀመ ቁጥር እሳቱ ራሱ ይበረታል ማለት ነው! የእንግሊዛውያኑ አባትና ልጅ መሐንዲሶች፣ የስቲቨንሰኖቹ «ሮኬት» ሎኮሞቲቭ በ1829 እ.ኤ.አ. ብዙ ቱቦ ያለውን ቦይለርና ይህን ሽቅብ የሚተፋ አፍ አንድ ላይ ይዞ ቀርቧል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት አብዛኞቹ ሎኮሞቲቮች በዚሁ መንገድ ሄደዋል።

አሁን ስለ ስኬል፣ ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ እንደሚያንስ። በዓለም ላይ በጣም የተለመደው ኤች ኦ የሚባለው ነው፣ 1 ለ 87። የመደበኛ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው። ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ሚሊሜትር ይመጣል። እንግሊዞቹ ደግሞ በዚያው በ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ 1 ለ 76 የሆነ ሞዴል ያስኬዳሉ፣ ድሮ ሞተሩ በትንሹ ቦይለር ውስጥ አልገባ ስላለ ገላውን ትንሽ ተለቅ አደረጉት። ለዚህ ነው የእንግሊዝ ሞዴል ከፊት ስታዩት ሐዲዱ የጠበበው የሚመስለው።

ስኬል ላይ ሰው የሚሳሳተው ርዝመቱን አይደለም። ውፍረቱን ነው። የእጅ መያዣው ዘንግ በእውነተኛው ላይ 33 ሚሊሜትር ያህል ቢወፍር በኤች ኦ 0.38 ሚሊሜትር ይሆናል። ከፕላስቲክ ጋር አብሮ የተቀረጸ መያዣ ብዙ ጊዜ የዚያ እጥፍ ነው። እሱን በስለት ልጣችሁ አንስታችሁ በቀጭን የነሐስ ሽቦ ብትተኩት ሞዴሉ ወዲያው ሌላ ይሆናል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ላሻሽል ቢለኝ ይህንን ነው የምለው።

ክብደት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ርዝመት አንዴ በ87 ሲካፈል ክብደት ሦስት ጊዜ በ87 ይካፈላል። 100 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በኤች ኦ 152 ግራም ብቻ ይሆናል። በዚህ ክብደት ጎማው ሐዲዱ ላይ ይሽከረከራል እንጂ ብዙ ፉርጎ አይጎትትም። ስለዚህ ቦይለሩ ውስጥ የእርሳስ ወይም የቱንግስተን ክብደት እንጨምራለን። ሚዛኑ ሎኮሞቲቩን የሚነዱት ጎማዎች መሀል ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። በእርሳስ ከሠራችሁ እጃችሁን በደንብ ታጠቡ፣ ብናኙንም አትተንፍሱት።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሎኮሞቲቭና አንድ ዘመን ምረጡ። «የዚህ ዓይነት ሎኮሞቲቭ» ማለት አይበቃም። ታዋቂውን «ፍላይንግ ስኮትስማን» እንውሰድ። የተሠራው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው። በ1928 ከለንደን ኤዲንብራ ሳይቆም የሚሄድ ጉዞ ሲጀመር ሠራተኞቹ መንገድ ላይ እንዲቀያየሩ ሌላ ዓይነት ቴንደር (ከኋላ የሚከተል የውሃና የከሰል ጋሪ) ተሰጠው። በቴንደሩ ጎን ውስጥ ለውስጥ 46 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያላት መተላለፊያ አለች። በ1 ለ 76 ስትለኳት ስድስት ሚሊሜትር ናት። እንግዲህ የ1924ቱን ሞዴል እየሠራችሁ የ1928ቱን ቴንደር ብታስከትሉ ሁለት ዘመን አንድ ላይ ቀጠላችሁ ማለት ነው። ሎኮሞቲቮች ጥገና በገቡ ቁጥር ቦይለር ይቀየርላቸዋል፣ ጉልላቱ ይለወጣል፣ ፋኖሱ ይነሳል። ፎቶ ሰብስቡ፣ ቀኑን ያዙ፣ ግራና ቀኙንም ለየብቻ እዩ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ጎን አንድ አይደሉም። የአየር ፓምፑ ብዙ ጊዜ አንድ ጎን ላይ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሻሲው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የሚያምር ገላ ያለው ግን እየተንገጫገጨ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ያሳዝናል።

በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች ቢየላው (ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ) የሚታሰርበት ፒን አላቸው። ሁለቱ ፒኖች እኩል አይቆሙም። የአንዱ ወገን ወደ ታች ሲያይ የሌላው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያያል። ባለ ሁለት ሲሊንደር ላይ ልዩነቱ 90 ዲግሪ ነው። ለምን? ብስክሌት የነዳ ይገባዋል። ፔዳሉ ቀጥ ብሎ አናት ላይ ሲሆን ወደ ታች ብትረግጡት አይዞርም። ፒስተኑም ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደዚያው ነው፣ የቱንም ያህል ቢገፋ ጎማውን አያዞረውም። ሁለቱም ወገን አንድ ላይ እዚያ ነጥብ ላይ ቢቆሙ ሎኮሞቲቩ ከቦታው አይነሳም። 90 ዲግሪ ሲለያዩ ግን አንዱ አቅም ሲያጣ ሌላው ሙሉ ጉልበቱ ላይ ነው። በሞዴሉ ላይ ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ሞተር ቢሆንም ነገሩ አይቀርም፣ ምክንያቱም ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አክስል ብቻ ነው የሚያዞረው፣ ሌሎቹ ኃይል የሚያገኙት በጎን ቢየላው ነው።

ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው። ሞዴል ላይ ልዩነቱ ድፍን 90 መሆኑ ያን ያህል አያሳስብም። ሁሉም አክስሎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው የሚያሳስበው። ሦስቱም 88 ቢሆኑ ይሄዳል። ሁለቱ 90 ሆነው አንዱ 87 ቢሆን ግን ይይዛል።

እኔ አንዴ ባለ ስድስት ጎማ ሻሲ ስሠራ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ቆም ይልብኝ ነበር። በጣም ትንሽ፣ በዓይን ሳይሆን በጣት የሚሰማ። ሞተሩን አወጣሁት። ጎማው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ በጣቴ እየገፋሁ ስሄድ የሚይዘው ሁልጊዜ ያው ራጂ ወደ ታች ሲያይ ሆኖ አገኘሁት። አንደኛውን የጎን ቢየላ ፈታሁ፣ አሁንም ያዘ። የፊተኛውን አክስል ነጻ ሳደርገው ለቀቀ። ከዚያ ሻሲውን ወደ መስኮቱ አዞርኩና በአንዱ ጎማ ራጂዎች መሀል የማዶውን ጎማ ራጂዎች አየሁ። ኋለኞቹ ሁለቱ አክስሎች ላይ ራጂዎቹ እርስ በርስ የሚሸፋፈኑበት ሁኔታ አንድ ነው፣ ፊተኛው ላይ ግን በፀጉር ያህል ይለያል። ጎማውን በጣቴ ያችን ያህል አዞርኩት። ሻሲው በትንሽ ተዳፋት ላይ በራሱ ወረደ። መንገዱ እንግዲህ ይህ ነው። አንድ አክስል ጨምሩ፣ በእጅ ግፉ፣ ሲሄድ ሌላውን ጨምሩ። የቢየላው ቀዳዳ ትንሽ ቢላላ ችግር የለውም፣ በጣም ልክ ከሆነ ነው ጣጣው። ሁሉም በእጅ ሳይዝ እስኪሄድ ድረስ ሞተር አትግጠሙ። ሞተሩ ጉልበቱን ተጠቅሞ ስህተቱን ይደብቅባችኋልና።

ስለ ሞተሩ አንድ ስሌት ብቻ ላሳይ። የእውነተኛው ጎማ ዲያሜትር 2 ሜትር ቢሆን በኤች ኦ 23 ሚሊሜትር ነው። በሰዓት 120 ኪሎሜትር የሚሄድ ባቡር በሞዴል በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ለዚያ ጎማው በደቂቃ 320 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። ሞተራችሁ በደቂቃ 12,000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ ማርሹ ወደ 38 ለ 1 ይሁን ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ማርሽ ከገጠማችሁ ከጣቢያ ቀስ ብሎ መነሳት የሚባል ነገር አታዩም።

ከቢየላዎቹ ጎን ያ ውስብስብ የሚመስለው የዘንጎች ስብስብ አለ። በብዙ ሎኮሞቲቮች ላይ የምናየው ቤልጅየማዊው ኤጊድ ዋልሻርት በ1844 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ነው። ሥራው እንፋሎቱ መቼና በየትኛው የፒስተኑ ጎን እንደሚገባ መወሰን ነው። ሎኮሞቲቩ ወደ ኋላ የሚሄደውም በዚሁ ነው። ሁለት እንቅስቃሴ ያደባልቃል። አንዱ የሚመጣው ከዋናው ፒን ጫፍ ላይ ከታሰረች አጭር ክንድ ነው፣ ቀስት የመሰለችውን ቁራጭ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታወዛውዛለች። ሌላው ፒስተኑን ተከትሎ ከሚንሸራተተው ክሮስሄድ ነው። የሁለቱ ድምር ቫልቩን ያንቀሳቅሳል። ሞዴል ሠሪ ማወቅ ያለበት ትልቁ ነገር ያቺ አጭር ክንድ ወዴት እንደምታዘነብል ነው። በአብዛኞቹ ዘመናዊ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ዋናው ፒን ወደ ታች ሲሆን ክንዷ ወደ ፊት፣ ወደ ሲሊንደሩ ታዘነብላለች። ግራም ቀኝም እንደዚያው። አንዱን ጎን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ያደረገ ሞዴል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለየት ያሉ ሎኮሞቲቮች ስላሉ ግን ፎቶውን አይታችሁ አረጋግጡ።

ቦይለሩ ላይ ስትመጡ አንድ ነገር አስታውሱ። ከውጭ የምናየው ክብ ገላ ቦይለሩ ራሱ አይደለም። ሙቀት እንዳይወጣ ቦይለሩን የሸፈነው ልባስና በላዩ ያለው ስስ ቆርቆሮ ነው። እነዚያ ዙሪያውን የሚታዩ ቀበቶዎች ቆርቆሮውን አጥብቀው የሚይዙ ናቸው። ስለዚህ ቀበቶ ስስ ነው፣ ወፍራም ፕላስቲክ አትጠቀሙ፣ ቀጭን ተለጣፊ ወረቀት ይበቃል። ከፊት ያለው የጭስ ክፍል ግን ውሃ ስለሌለበት አብዛኛውን ጊዜ ልባስ የለውም። ራቁቱን የቆመ ትኩስ ብረት ነው። ልዩነቱ ቀለም ስንቀባ ይመጣል።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ቱቦ እንመለስ። ውሃው ከቴንደሩ ይመጣል፣ በጎማ ቱቦ ወደ ሎኮሞቲቩ ይሻገራል፣ ከጋቢናው ስር ኢንጀክተር ውስጥ ይገባል። ኢንጀክተሩን ፈረንሳዊው ሄንሪ ዢፋር በ1858 እ.ኤ.አ. ነው የፈለሰፈው። የሚንቀሳቀስ ፓምፕ የለውም፣ እንፋሎቱ በፍጥነት ሲወነጨፍ ውሃውን ይዞት ይሄድና ግፊት ያለበት ቦይለር ውስጥ ያስገባዋል። ከኢንጀክተሩ ቀጥሎ ቱቦዋ ወደ ቦይለሩ ትወጣለች፣ መግቢያዋ ላይ ውሃው ተመልሶ እንዳይወጣ የሚከለክል ቫልቭ አለ። ስለዚህ ኢንጀክተሩ ላይ ቢያንስ ሦስት ነገር መገናኘት አለበት፦ ውሃ ከቴንደር፣ እንፋሎት ከላይ፣ ወደ ቦይለር የምትሄደው። ትርፍ ውሃ የምታፈስ አራተኛ አጭር ቱቦም ወደ መሬት ታያለች። አሸዋውም እንደዚሁ ነው። ከአሸዋ ሳጥኑ የሚወርደው ቱቦ መጨረሻው የጎማው ፊት፣ ከሐዲዱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ ጎማው ሲንሸራተት አሸዋ የሚረጨው እዚያ ነዋ። አየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የአሸዋ ቱቦ ካያችሁ ሠሪው አልጠየቀም።

ነሐስ የምትሠሩ ከሆነ ሶልደር (ቁራጮችን ለመበየድ የሚቀልጠው ብረት) ላይ አንድ ሕግ አለ። ከፍተኛ ሙቀት የሚፈልገውን አስቀድሙ፣ ዝቅተኛውን ለመጨረሻ አቆዩ። ተራው ሶልደር ከ180 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። በቀላሉ ለሚቀልጡት የነጭ ብረት ቁራጮች ግን 70 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ልዩ ሶልደር አለ። ይህን ከማወቄ በፊት አንድ የነጭ ብረት ጉልላት በተለመደው መበየጃ ለመያዝ ሞክሬ ጉልላቱ ዓይኔ እያየ ፈሰሰ። ሰከንድ አልፈጀም። አሁን መጀመሪያ ነሐሱን በተራው ሶልደር ስስ አድርጌ እቀባለሁ፣ ምክንያቱም የ70 ዲግሪው ነሐስ ላይ በቀጥታ አይዝም፣ ከዚያ የመበየጃውን ሙቀት ዝቅ አድርጌ ጉልላቱን እይዛለሁ። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ። ሲያልቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ የተረፈው ፍለክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ የሚቀባው ኬሚካል) ቆይቶ ቀለሙን ያነሳዋልና።

ቴንደሩን ብዙ ሰው ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል፣ ሲደክመውም በቶሎ ይጨርሰዋል። እኔ ግን ግማሽ ሞዴሉ እሱ ነው እላለሁ። ቴንደር ማለት ውሃ ውስጥ የቆመ የከሰል ሳጥን ነው። አብዛኛው ቦታ የውሃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1941 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. የተሠሩት 25ቱ «ቢግ ቦይ» ሎኮሞቲቮች ባለ 14 ጎማ ቴንደር ነበራቸው፣ ትልልቆቹም 25,000 የአሜሪካ ጋሎን፣ ወደ 94,600 ሊትር ውሃ ይይዛሉ። ከሰሉ 25 ቶን ገደማ ነው። የውሃ መሙያ አፉ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ነው። መሰላሉም እዚያ ነው። በመሙያው ዙሪያ ውሃ ዘወትር ይፈሳል፣ ስለዚህ ዝገቱና ነጭ የኖራ ጭረቱ ከእሱ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ሌላ ቦታ ላይ እንዲያው ለማቆሸሽ ነጭ አትርጩ።

ከሰሉን እውነተኛ ከሰል ተጠቀሙ። የፕላስቲኩ ክምር ያብለጨልጫል፣ ቅርጹም አንድ ነው። አንድ ቁራጭ የድንጋይ ከሰል በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመዶሻ ምቱት፣ አጥልሉት። መጠኑ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። ጡጫ የሚያህል 10 ሴንቲሜትር ከሰል በኤች ኦ አንድ ሚሊሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ነጭ ማጣበቂያ በውሃ አቅጥኑ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት፣ በጠብታ አጠጡት። የክምሩ ቅርጽም ታሪክ አለው። እሳት አቀጣጣዩ በአካፋ የሚወስደው ከፊት ነው፣ ስለዚህ መንገድ የጀመረ ሎኮሞቲቭ ላይ ክምሩ ከፊት ጎደል፣ ከኋላ ከፍ ይላል። ከሰሉ ጎን ረጃጅም የእሳት መቆስቆሻዎች ይቀመጣሉ። ምድጃው 3 ሜትር ከሆነ መቆስቆሻውም ቢያንስ ያንን ያህል ይረዝማል፣ በሞዴሉ 35 ሚሊሜትር። ሁለት ሽቦ ቆርጣችሁ ጫፋቸውን አጥፉና አስቀምጡ፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ቴንደሩ ለሞዴሉም ሥራ አለው። ድምፅ ማውጫውና ዲኮደሩ (በሐዲዱ የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ዕቃ) የሚገቡት እዚያ ነው። ጎማዎቹም ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ እንዲወስዱ አድርጉ። ብዙ ጎማ ከነካ ቆሻሻ ቦታ ላይ መቆም ይቀራል። ወደ ሎኮሞቲቩ የሚሻገረው ሽቦ ግን በጣም ለስላሳ ይሁን። ደረቅ ሽቦ ቀላል ቴንደርን ከሐዲዱ ያነሳዋል፣ እናንተ ደግሞ ሐዲዱን ስትወቅሱ ትውላላችሁ።

ቀለም ላይ ብዙ አልልም። ድፍን ጥቁር አትጠቀሙ፣ ትንሽ ግራጫ ጨምሩበት፣ አለበለዚያ ዝርዝሩ ሁሉ ይጠፋል። የጭስ ክፍሉ ሙቀት የበላው ስለሆነ ደብዛዛ ግራጫ ይሁን፣ ቦይለሩ ላይ ግን ትንሽ ወዝ ተዉለት። ጥላሸቱ ከላይ ወደ ታች፣ የመንገድ አቧራው ከታች ወደ ላይ። ሰው የሚጨብጠው መያዣና የሚረግጠው ደረጃ ይፋተጋል፣ እዚያ ላይ ብረቱ ራሱ በጥቂቱ ይታይ።

መጨረሻ ላይ ሁለቱን አገናኙ። እውነተኛዎቹ በጣም ተጠጋግተው ነው የሚሄዱት፣ የሞዴል ኩርባ ግን ከእውነተኛው እጅግ የጠበበ ስለሆነ ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋል። ካላችሁ ኩርባ ሁሉ በጣም ጠባቡ ላይ አስቀምጧቸውና ጋቢናው ከቴንደሩ ጋር እስኪነካካ ድረስ በእጃችሁ እያስጠጋችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ግማሽ ሚሊሜትር መልሱ። ክፍተቱን የምትሸፍነው እሳት አቀጣጣዩ የሚቆምባት ሳህን ናት። በጋቢናው በኩል ብቻ ትታሰራለች፣ በቴንደሩ በኩል በላዩ ላይ ተኝታ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። ሁለቱም ጎን ላይ ካጣበቃችኋት ቴንደሩ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል።